«ያው አንድ ዘር ነው» ለምትሉኝ፦ ስለ ስኬል ተባይ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ወርጄ አንድ ጓሮ ውስጥ ስኬል (ቅርፊት መስላ ተክል ላይ ተጣብቃ የምትጠባ ደቃቅ ነፍሳት ናት) ፍለጋ የማንጎ ቅጠል እያገላበጥኩ ባለቤቱ መጡና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ትግራይ በለሱን የጨረሰው ነው፣ ነገ ደሞ አጥራችን ላይ ያለውን በለስ ይጨርሰዋል» አሉኝ። ስንተኛ ሰው እንደሆኑ እንጃ። እሳቸውስ ገበሬ ናቸው፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ቢሮ ተቀምጦ ይሄንኑ የሚነግረኝ ሰውዬ አለ፣ ያውም ዲግሪ ያለው!

እስቲ ትንንሾቹን ስህተቶች ላስቀድም።

«በሽታ ነው፣ ፈንገስ ነው።» ነፍሳት ነው። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ገልብጡት፣ ከሥሩ ተኝታ ታገኟታላችሁ።

«ቅጠሉን ያጠቆረውም እሱ ነው።» የማንጎው ነጭ ስኬል ማር መሳይ ፈሳሽ አያወጣም። ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሚሊባግ (ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስለውን የስኬል ዘመድ) ወይ ለስላሳውን፣ ጋሻ የሌለውን ስኬል ፈልጉ።

«ክንፍ ያላት ትንኝ መሳይዋ ሌላ ናት።» ባሏ ነው እንጂ! አፍ እንኳን የለውም፣ ምንም ሳይበላ ጥቂት ቀን ኖሮ ይሞታል።

«መልኩ አንድ ከሆነ ዘሩም አንድ ነው።» ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ነው። ሴቷ ስኬል ክንፍ የላትም፣ የብዙዎቹ እግርም ጠፍቷል፣ ሰም ለብሳ ቅጠል ላይ ተጣብቃ የምትጠባ ከረጢት ናት በቃ፣ ታዲያ መለያውን ሁሉ ጥሎ ነጭ ጋቢ የተከናነበን ነገር በዓይን አይቶ ዘመዱን መናገር ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ማስረጃ ከፈለጋችሁ አጥራችሁን እዩ። ቁልቋልና በለስ ይመሳሰላሉ አይደል? ቁልቋሉን ቁረጡት፣ ነጭ ወተት ያፈሳል፣ በለሱ አያፈስም። ቁልቋል የጉሎ ዘመድ ነው፣ በለስ ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ካክተስ ነው፤ ያመሳሰላቸው ድርቅ ነው።

እኛ ሰሜን ሸዎች ይሄ ሊከብደን አይገባም ነበር። መንዝ ላይ ርስት ሲካፈሉ «አፍንጫው የኛን ይመስላል» ተብሎ መሬት የተሰጠው ሰው አለ? አባት ተቆጥሮ ነው። ዲኤንኤም ቆጠራ ነው፤ የአንድን ጂን ፊደላት ከየዝርያው አምጥተህ ጎን ለጎን ትደረድርና ማን ከማን ጋ የትኛውን ለውጥ እንደሚጋራ ታያለህ፣ ከዛ ወደ ኋላ አያታቸውን ትፈልጋለህ። (በነገራችን ላይ የሚሊባግ ወንድ ከአባቱ የወረሰውን ጂን ለልጆቹ አያስተላልፍም፣ የእናቱን ብቻ ነው። ርስት ቢሆን ስንት ክርክር ይነሳ ነበር።) እ.ኤ.አ. በ2002 18ኤስ በሚባለው ጂን ሲቆጠር ሚሊባጉ፣ ለስላሳውና ባለ ጋሻው (ገላው ላይ የሚነሳ ቅርፊት የሚደፋው) ስኬል ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸው ታየ፣ ኤሪዮኮሲዴ ሲባል የኖረው ቤተሰብ ግን ሲፈተሽ ቤተሰብም አልሆነ፣ በመልክ የተጠራቀመ ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢቱ አባት ማንጎ ልመለስ። እሱ ላይ ያለው ባለ ጋሻ ስኬል ነው፣ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ወለጋ ላይ ነው። የትግራዩ ኮቺኒል ነው፣ ለቀይ ማቅለሚያ ተብሎ መጥቶ ከእጅ ያመለጠ፣ ከካክተስ ሌላ የማይበላ፣ ሲጨፈለቅ ጣታችሁን ደም የሚያስመስል። ቤተሰባቸው ለየቅል ነው። የማንጎው በለሱን አይነካም፣ ኮቺኒሉም ማንጎ አይቀምስም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንዲያውም የኮቺኒል አንድ ዝርያ ሆነው በዓይን የማይለዩ ሁለት ዘሮች አሉ፣ አንዱ አንዱን ካክተስ ሌላው ሌላውን ነው የሚያጠቃው፤ መልክ ያን ያህል ዋጋ ቢስ ነው።

«እንግዲያው ዲኤንኤ አይሳሳትም፣ ማይክሮስኮፕ ቀረ።» ይሄም ከዛ ወዲህ የመጣ ፋሽን ነው። እኔ ራሴ አንዴ ሳምፕል ልኬ ውጤቱ ሲመጣ ተርብ ሆኖ አረፈው! ስኬሏ ሆድ ውስጥ ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን ጥላ ኖሮ ማሽኑ ያነበበው የሷን ልጅ ነው። ማሽኑ ያስገባህለትን ነው የሚያነበው። አሁን ተርብ የወጣበት ክብ ቀዳዳ ያለበትን ቅርፊት አልወስድም፣ ያበጠችውንም እተዋለሁ፣ ዲኤንኤው ሲወጣም ገላዋን አልፈጭም፣ ቆዳዋ ስላይድ ላይ ይቀመጣል፣ ነገ ጥያቄ ቢነሳ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር አለ።

«ሳምፕል በአረቄ ይቆያል።» ወይ ጉድ! ካንድ ቀበሌ ዳግም አረቄ ውስጥ ተነክሮ መጣልኝ፣ ሽታው ቢሮውን ሞላው። ጠንካራው አረቄ እንኳን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፣ ዲኤንኤው ይበላሻል። የፋርማሲው 70 ፐርሰንትም አይበቃም፣ 95 ወይ 96 ይሁን። ነፍሳቷን ከነቅጠሏ ቆርጣችሁ ክተቱ፣ ሌላ ቅጠል ደሞ በደረቁ ወረቀት ውስጥ አድርጉልኝ፣ ተክሉንና ቀበሌውን ጻፉ፣ በእርሳስ ጻፉ ግን፣ ስክሪብቶ አልኮሉ ያጥበዋል፤ ባለአረቄው ብልቃጥ ላይ የቀረው ጽሑፍ «ሸዋ» የሚለው ብቻ ነበር።