የሁለት ፈረስ ማት ምንድን ነው?

በቼዝ ሰሌዳ ላይ ነጭ ንጉሥና ሁለት ፈረሶች አሉት፤ ጥቁር የቀረው ንጉሡ ብቻ ነው። ላየው ሰው ጨዋታው ያለቀለት ይመስላል፤ ጥቁር ካልተሳሳተ ግን አቻ ነው። ለዚያው ጥቁር አንድ ወታደር ጨምሩለት፤ አሁን በግድ ሊሸነፍ ይችላል። የሁለት ፈረስ ማት የሚባለው ይህ ነው፦ በንጉሥና በሁለት ፈረስ ብቻ የሚደረግ፣ ተከላካዩ ባዶ እጁን ሲቀር በግድ የማይገኝ፣ ጥቂት ንብረት ሲኖረው ግን የሚገኝ ማት (ንጉሡ ተጠቅቶ ማምለጫ የሚያጣበት መጨረሻ)። ከፈረስ ይልቅ ጳጳስ ቢኖር ነገሩ ሌላ ነበር፤ አንድ ጳጳስና አንድ ፈረስ ብቸኛ ንጉሥን ቢበዛ በ33 እርምጃ ማት ያደርጋሉ።

ምክንያቱን ሰሌዳ ላይ ማየት ይሻላል። ዓምዶቹን ከነጭ ግራ ጀምረን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንላቸዋለን፤ ረድፎቹን ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 እንቆጥራለን። ነጭ ንጉሥ ጂ6፣ ፈረሶቹ ጂ4 እና ጂ5፣ ጥቁር ንጉሥ ጂ8 ላይ ይቁሙ። ነጭ የጂ4ን ፈረስ ወደ ኤፍ6 አዝልሎ ቼክ ይላል፤ ንጉሡን ያጠቃል ማለት ነው። ጥቁር ወደ ጥጉ፣ ኤች8፣ ከገባ የጂ5 ፈረስ ኤፍ7 ላይ ያርፍና ማት ነው፤ ጂ8ን የኤፍ6 ፈረስ፣ ጂ7ንና ኤች7ን ንጉሡ ይዘዋቸዋል። ጥቁር ግን ወደ ጥጉ እንዲገባ የሚያስገድደው የለም። ወደ ኤፍ8 ወጥቶ ይሄዳል።

እንግዲያው ኤፍ8ን አስቀድሞ መዝጋት ነዋ! የጂ5ን ፈረስ አንሡና ኢ6 ላይ አድርጉት። አሁን ከኤፍ6 ቼክ ሲባል ጥቁር ያለው መሄጃ ኤች8 ብቻ ነው። ገባ። ማት ለማድረግ ኤፍ7 ላይ ፈረስ ያስፈልጋል፤ የኢ6 ፈረስ ደግሞ በአንድ ዝላይ ኤፍ7 አይደርስም። ወደ ጂ5 ቢጠጋ ለቀጣዩ እርምጃ ይዘጋጃል፤ ጥቁር ግን ቼክ ሳይባል መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ስቴልሜት፣ አቻ።

ይህ የዚህ አቀማመጥ መጥፎ ዕድል ብቻ አይደለም፤ የቀለም ጉዳይ ነው። ፈረስ በዘለለ ቁጥር የሚቆምበት ቤት ቀለም ይቀየራል። ኤፍ8 ጥቁር ቀለም ያለው ቤት ስለሆነ እሱን የሚመታ ፈረስ ነጭ ቤት ላይ መቆም አለበት። ኤፍ7 ነጭ ቤት ነው፤ ወደዚያ የሚዘል ፈረስ የሚነሣው ከጥቁር ቤት ነው። ስለዚህ መውጫውን የዘጋው ፈረስ ያለ አንድ ተጨማሪ ዝላይ ማት አያደርግም፤ ያቺ አንዲት ዝላይ ናት ስቴልሜት የምታመጣው። የፈረሶቹን ሥራ ብትቀያይሩም ሒሳቡ ያው ነው።

ወታደሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ያንኑ አቀማመጥ ውሰዱ፦ ነጭ ንጉሥ ጂ6፣ ፈረሶች ኢ6 እና ጂ4፣ ጥቁር ንጉሥ ጂ8፤ ኤ4 ላይ ደግሞ ጥቁር ወታደር ይኑር። ፈረስ ኤፍ6 ቼክ፣ ንጉሥ ኤች8። ፈረስ ከኢ6 ወደ ጂ5። አሁን ስቴልሜት የለም፤ ጥቁር የሚያንቀሳቅሰው ወታደር አለውና ወደ ኤ3 መግፋት ግዴታው ነው። ፈረስ ኤፍ7፣ ማት። ያዳነው የነበረው የመንቀሳቀሻ ማጣት ነበር፤ ወታደሩ ያንን ቀማው።

ወታደሩ ኤ2 ደርሶ ቢሆንስ? የመጨረሻው ረድፍ፣ ኤ1፣ ላይ ንግሥት ይሆናል፤ ፈረሱ ግን ኤፍ7 ገብቶ ማት ያደርጋል፤ አዲሷ ንግሥት ቆማ ታያለች። ቢ2 ላይ ቢሆን ግን ጉድ ነው፤ ቢ1 ላይ የምትወጣው ንግሥት በሰያፉ መስመር ጂ6 ያለውን ነጭ ንጉሥ ቼክ ትላለች፤ ለኤፍ7 ጊዜ የለም። የአንድ ዓምድ ልዩነት!

በእውነተኛ ጨዋታ ከባዱ እዚያ መድረሱ ነው። አንደኛው ፈረስ ከወታደሩ ፊት ቆሞ ያግደዋል፤ ንጉሡና ሌላው ፈረስ ጥቁሩን ንጉሥ እያጠበቡ ወደ ጥግ ይነዱታል፤ በመጨረሻ አጋጁ ፈረስ ወታደሩን ለቅቆ ማቱን ሊጨርስ ይመጣል። ቶሎ ከለቀቀ ወታደሩ ይቀድመዋል። ወታደሩን እንዳገደ ሌሎቹ ንጉሡን መንቀሳቀሻ ካሳጡት ደግሞ ያው ስቴልሜት ነው። በንጉሥ ማገድም አያዋጣም፤ ንጉሡ የሚፈለገው ጥጉ ዘንድ ነውና።

የትኛው ወታደር ከየት ላይ ሲታገድ ነጭ እንደሚያሸንፍ የመረመረው ሩሲያዊው አሌክሲ ትሮይትስኪ (1866–1942) ነው፤ ወሰኑም የትሮይትስኪ መስመር ይባላል። ለጥቁር ወታደር መስመሩ ኤ4፣ ቢ6፣ ሲ5፣ ዲ4፣ ኢ4፣ ኤፍ5፣ ጂ6፣ ኤች4 ነው። ወታደሩ ከነዚህ ቤቶች አልፎ ሳይወርድ በፈረስ በደንብ ከታገደ፣ ንጉሦቹ የትም ይሁኑ፣ ነጭ ያሸንፋል። መስመሩን ያለፈ ወታደርም አንዳንድ ጊዜ ይሸነፋል፤ ያኔ ግን የንጉሦቹ አቀማመጥ ይወስናል።

«ያሸንፋል» ሲባል ታዲያ ሰዓትና ሕግ ሳይቆጠር ነው። ረጅሙ ማት 115 እርምጃ ይፈጃል። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ ደግሞ ወታደር ሳይንቀሳቀስ፣ ምንም ሳይበላ 50 እርምጃ ካለፈ ማንኛውም ተጫዋች አቻ መጠየቅ ይችላል፤ የታገደ ወታደር ደግሞ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ነጭ ወታደሩን የሚለቅበትን ጊዜ ሲመርጥ ቆጠራውንም ማየት አለበት።

ብቸኛ ንጉሥ ይዞ ለሚከላከል ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ጠርዝ ላይ ቼክ ሲባል ከጥጉ የሚያርቀው መውጫ ካለ እሱን መውሰድ። ሰዓቱን ግን ይጠብቅ። በፊዴ ሕግ ሰዓት ያለቀበት ሰው በአቻ የሚተርፈው ባላጋራው በየትኛውም ሕጋዊ እርምጃ ማት ማድረግ የማይችል ሲሆን ብቻ ነው፤ በሁለት ፈረስ ደግሞ ማት፣ በግድ ባይሆንም፣ ይቻላል። በኢንተርኔት የሚጫወት ሰው የመጫወቻውን ደንብ አስቀድሞ ቢያይ ይሻላል፤ አንዳንዶቹ እዚህ ላይ አቻ ይሰጣሉ።