ከባድ ስኖ ሲመጣ የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

በየዓመቱ ነገሩ አንድ ነው። የአየር ትንበያው «ከባድ ስኖ ይጠበቃል» ሲል (ስኖ የምንለው እንደ ባዘቶ የሚወርደውን በረዶ ነው) ስልኬ ላይ ያለው የዘመድ ግሩፕ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ተመስገን፣ ነገ እንተኛለን» ብሎ ይጽፋል። ሌላዋ «እግዜር ያውጣን» ትላለች። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ማን ፈሪ ነው፣ ማን ሰነፍ ነው፣ ማን ለምዷል፣ ማን ገና ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ብዙ ዊንተር አሳልፌያለሁ። (እዚህ ያለ አበሻ «ክረምት» ማለት ይከብደዋል። ለኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጭቃ ነው፣ የበቆሎ እሸት ነው።) በነዚህ ዓመታት ስለ ስኖ ሲባሉ ከሰማኋቸው ነገሮች ብዙዎቹ ልክ አይደሉም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ይገድላሉ።

«ስኖ የሚወድ ጨዋታ ወዳድ ነው፤ የሚጠላ ከሙቅ አገር የመጣ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሰው ስኖን የሚወደው ወይም የሚጠላው በተወለደበት አገር አይደለም። በጠባዩም አይደለም። ዋናው ጥያቄ በዚያ ቀን ከቤት የግድ መውጣት ያለበት ማን ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የካቲት መጀመሪያ ላይ ዲሲን የመታውን ስኖ የሚያስታውስ ብዙ ነው። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 82 ሴንቲሜትር ያህል ተለክቷል። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለአራት ቀን ተኩል ተዘጉ። ለመንግሥት ሠራተኛው ደሞዙ ሳይነካ ከልጆቹ ጋር ቤት የዋለበት ሳምንት ነበር። የዚያው ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ በሰዓት ለሚሠራው ግን ሕንፃው ከተዘጋ ሰዓት የለም። ሰዓት ከሌለ ብር የለም። ታክሲ የሚነዳው ደግሞ መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀብራ እያየ የቤት ኪራዩን ያሰላል። ሁሉም ላይ የወረደው ያው አንድ ስኖ ነው።

አንዲት የቅርብ ዘመዴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ስኖ ሲተነበይ ቦርሳዋን የምታዘጋጀው ከማታው ነው። ቅያሪ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የስልክ ቻርጀር፣ በፌስታል የተጠቀለለ እንጀራ። የሚተካት ሰው ካልደረሰ መውጣት አትችልም። ራሳቸውን ችለው ከአልጋ የማይነሱ ሰዎችን ጥሎ የሚሄድ የለም። አንድ ጊዜ ዓርብ ማታ እንደገባች የወጣችው እሑድ ከሰዓት ነው። መኪናዋን ከበረዶ ስታወጣ ጓንቷ ርሶ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ቤቷ ስትደርስ ደጃፉ ላይ ልጇ የሠራው የበረዶ ሰው ቆሟል። አፍንጫው ካሮት ነው፣ አንገቱ ላይ የሷ ነጠላ ተጠምጥሟል። «እማዬ፣ ስኖ ደስ አይልም?» አላት። «ደስ ይላል» አለችው። ለሱ ደስ እንደሚል ታውቃለች።

ልጅ ሁሉ ትምህርት ሲዘጋ ይፈነድቃል የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ቁርሱንና ምሳውን ትምህርት ቤት የሚበላ ልጅ አለ። የሱ እናት «ነገ ትምህርት የለም» የሚለውን መልእክት ስታይ መጀመሪያ የምትከፍተው ፍሪጁን ነው።

«ኢትዮጵያዊ በረዶ አያውቅም»

ይሄን የምንለው እኛው ራሳችን ነን። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ጸሐፊ አዱሊስ ወደብ ላይ ከነበረ የድንጋይ ዙፋን አንድ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። በጽሑፉ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ይዘረዝራል። ከነሱ መካከል የሰሜን ተራሮች ሰዎች አሉ። አገራቸው በረዶና ውርጭ የማይለየው፣ የበረዶው ጥልቀት እስከ ጉልበት የሚደርስ እንደሆነ ይናገራል። ዛሬም ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ደጀን ላይ አልፎ አልፎ ነጭ በረዶ ይወርዳል። በ2006 ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም ቱሪን ላይ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ በዊንተር ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ያደናገረን ቃሉ ይመስለኛል። በአማርኛ ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውም፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚረጋውም፣ እንደ ባዘቶ የሚወርደውም «በረዶ» ነው። እናቴ አዲስ አበባ ሆና «በረዶ ጣለ» ስላት «አልመታህም ልጄ?» የምትለኝ ለዚህ ነው። ይሄኛው አይመታም። ድምፅ የለውም። ማታ ተኝተህ ጠዋት መጋረጃ ስትከፍት ነው የምታየው። «ስኖ» የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ የተቀበልነው ያለ ምክንያት አይደለም።

«የዲሲ ሰው ፈሪ ነው፤ ሚኒሶታ ቢሆን ይሄ ስኖ አይባልም»

ሚኒያፖሊስ ያሉ ዘመዶቼ በየዓመቱ ይሄን ይሉኛል። የነሱ ብርድ ከኛ እንደሚከፋ አልክድም። ግን የሁለቱ ከተማ ችግር አንድ ዓይነት አይደለም። ሚኒሶታ ብርዱ ስለሚጸና በረዶው ብዙውን ጊዜ ደረቅና ቀላል ነው። የዲሲ አየር ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይዋልላል። ቀን ይቀልጣል፣ ማታ መልሶ ይረጋል፣ ጠዋት አስፋልቱ መስታወት ይሆናል። መስታወት ላይ ደግሞ የለመደና ያልለመደ የሚባል ሾፌር የለም። መኪናው አራቱም ጎማ የሚነዳ ቢሆንም ያው ነው። ያ ለመነሳት ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም። ፍሬን ሲያዝ ሁሉም መኪና አራት ጎማ ነው ያለው።

በረዶ በብዛት የሚጥልባቸው ከተሞች ጠራጊ መኪናውንም፣ የጨው ክምችቱንም፣ ሠራተኛውንም በዚያው ልክ ያዘጋጃሉ። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስኖ የሚያይ ከተማ ያን ሁሉ ገንዘብ አያወጣም። በ2014 ጥር አትላንታ ላይ የጣለው ከ7 ሴንቲሜትር አይበልጥም ነበር። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሥራ ወጥቶ መንገዱን ዘጋው፤ ሕፃናት ትምህርት ቤት አደሩ፣ ብዙዎች መኪናቸውን ጥለው በእግር ገቡ። ዲሲም በ2016 ጥር 20 ከ3 ሴንቲሜትር ያነሰ ስኖ ባልተዘጋጀ መንገድ ላይ ወርዶ ሰው ለሰዓታት ቆሟል።

የ2022ቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጥር 3 ቨርጂኒያ ውስጥ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ መጀመሪያ የጣለው ዝናብ ነበር። ዝናቡ ያጥበዋል ተብሎ መንገዱ ላይ ቀድሞ ጨው አልተረጨም። ከዚያ ዝናቡ ወደ ከባድ ስኖ ተለወጠ። የጭነት መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘጉ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሾፌሮችም በብርድ አደሩ። ሴናተር ቲም ኬን ሳይቀሩ ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ይሄን ያየ ሰው በማግስቱ ቤቱ ቢቀር ፈሪ አይባልም።

ጨውም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ተራ ጨው በረዶውን ማቅለጥ ያቅተዋል። እንዲህ ሲሆን አሸዋ የሚበትኑት ጎማው እንዲይዝ ነው።

«የለመደን ስኖ አይገድልም»

በአሜሪካ ስኖን በመልመድ ከቡፋሎ ከተማ የሚበልጥ ብዙ የለም። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኢሪ ሐይቅ ዳር ነው ያለችው። ቀዝቃዛ ነፋስ ያልረጋውን ሐይቅ ሲያቋርጥ እርጥበቱን ተሸክሞ ይመጣና ከተማዋ ላይ ያራግፈዋል። ታዲያ በ2022 ገና ዋዜማ የመጣው አውሎ ነፋስ እዚያ ከ40 በላይ ሰው ገደለ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ 130 ሴንቲሜትር ያህል ተለካ። ግን የገደለው የበረዶው ብዛት ብቻ አልነበረም። ነፋሱ ነበር። ሰው እጁን ዘርግቶ መዳፉን ማየት ሲያቅተው፣ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ራሳቸው መንገድ ላይ ሲቀሩ፣ ልምድ ምን ያደርጋል?

«ብሊዛርድ» ማለት ብዙ ስኖ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በብሊዛርድነት የሚመዘግበው በረዶ የያዘው ነፋስ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍስ፣ እይታን ከ400 ሜትር በታች የሚያወርድና ቢያንስ 3 ሰዓት የሚቆይ ሲሆን ነው። ከሰማይ ምንም ሳይወርድ መሬት ላይ ያለውን በረዶ ነፋስ አንስቶ ብሊዛርድ ሊፈጥር ይችላል።

ቡፋሎ ላይ የመንዳት ክልከላው የታወጀው ዓርብ ጠዋት ነው። ብዙ ሰው ሥራ ገብቶ ነበር። ከከተማዋ ሟቾች ከግማሽ በላይ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከነዋሪው ግን አንድ ሦስተኛ ያህል ናቸው። መኪናቸው ውስጥ የሞቱ አሉ። ማሞቂያው በጠፋ ቤት ውስጥ የሞቱ አሉ። «ስኖ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምነግረው ይሄን ነው።

«መስኮት ከተከፈተ ከሰል ችግር የለውም»

እባካችሁ ይሄን ለእናቶቻችን ንገሩልኝ። መብራት ሲጠፋና ማሞቂያው ሲቆም እኛ ቤት መጀመሪያ የሚታሰበው ከሰል ነው። ጀበና ለምዶናል፣ ምድጃ ለምዶናል። አገር ቤት ግድግዳውና በሩ አየር ያስገባል። እዚህ ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አይን አያቃጥልም። ሰውየው ድካም የመጣበት መስሎት ይተኛል። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም።

በ2021 የካቲት ቴክሳስ መብራት ጠፍቶ በብርድ ስትመታ ግዛቱ 246 ሰው መሞቱን መዝግቧል። አብዛኛው በብርድ ነው። ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ወይም ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ለመሞቅ ሲሉ በጭሱ የሞቱም ነበሩ፤ ከነሱ መካከል የኛ ሰዎችም አሉ። ውጭ የቆመ መኪናም ቢሆን የጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት በአካፋም በእጅም ያንን መጥረግ ያስፈልጋል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ግዙ። ዋጋው ከአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት ምሳ አይበልጥም።

«ስኖ መጥረግ ጥሩ ስፖርት ነው»

ለጤነኛ ወጣት ሊሆን ይችላል። ዓመቱን ሙሉ መሪ ላይ ለተቀመጠ የ55 ዓመት ሰው ግን አይደለም። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፣ የደም ግፊትን ያወጣል። አካፋ ማንሳት ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ልብን ያስሮጣል። እርጥብ ስኖ እንደ እርጥብ አሸዋ ይከብዳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በየዊንተሩ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ሆድ ሞልቶ አትውጡ። ከማንሳት መግፋት ይሻላል። በትንሽ በትንሹ፣ እያረፉ። ደረት ከጨነቀ አካፋውን ጥሎ 911 መደወል ነው እንጂ «ይቺን ልጨርስ» አይባልም።

«ትንሽ አረቄ ቀምሼ ልውጣ፣ ያሞቀኛል» የሚለውም እንዲሁ ነው። አልኮል ደሙን ወደ ቆዳ ያመጣዋል። ፊት ይሞቃል፣ ውስጥ ይቀዘቅዛል።

«ይሄን ያህል ስኖ እየጣለ ዓለም ሞቀች ይሉናል»

ሞቅ ያለ አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል። በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7 በመቶ ያህል። ያ እርጥበት ከዜሮ በታች የሆነ አየር ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ብዙ ስኖ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ የስኖ ቀናት በጠቅላላ እየቀነሱ አንዱ ቀን ግን ከባድ ሊሆን ይችላል።

«ከቤቴ ፊት ያለው መንገድ የመንግሥት ነው»

አስፋልቱ አዎ። እግረኛ የሚሄድበት ግን በብዙ ከተሞች የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ዲሲ ውስጥ ስኖው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ መጠረግ አለበት። ካልተጠረገ ያስቀጣል። 65 ዓመት የሞላቸውና አካል ጉዳተኛ ባለቤቶች ከቅጣቱ ነፃ ናቸው።

ከቅጣቱ ነፃ ቢሆኑም በረዶው ደጃቸው ላይ አለ። ከጎናችን የሚኖሩት አዛውንት 80 አልፏቸዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። በሳምንት ሦስት ቀን ለዲያሊሲስ (ለኩላሊት እጥበት) የሚወስዳቸው መኪና ይመጣል፤ ስኖ ሆነ አልሆነ አይቀርም። መኪናው የሚመጣው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ እኔ 11 ሰዓት እነሳለሁ። ከሳቸው ደረጃ እጀምርና እስከ መኪናው ድረስ እጠርጋለሁ፤ የኛው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።