«ንጉሡ ሞተዋል፤ ንጉሡ ለዘላለም ይኑሩ!»፦ ትርጓሜውና አመጣጡ

አባባሉ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ንጉሥ ይጠራል፤ አንደኛው የሞተው፣ ሌላኛው በዚያችው ቅጽበት የወረሰው ነው። በእኛም አገር አዋጅ ነጋሪ «የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ» ሲል መልእክቱ ያው ነበር፦ ዙፋኑ ባዶ አይደለም፣ ሕጉ እንዳለ ነው፣ ማንም እጁን እንዳያነሣ።

ቃሉ የፈረንሳዮች ነው፤ በፓሪስ አጠገብ ባለው የነገሥታት መቃብር፣ በሰን ደኒ ቤተ ክርስቲያን፣ ንጉሥ ሲቀበር ይታወጅ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ግን ሐሳቡ ሥር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1272 ነው። ቀድሞ የንግሥና ዘመን የሚቆጠረው ዘውድ ከተጫነበት ቀን ስለነበር፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለዘራፊና ለባላንጣ የተመቸ ነበር። ሣልሳዊ ሄንሪ ኖቬምበር 16 ሲሞት ልጁ ኤድዋርድ ከመስቀል ጦርነት ገና አልተመለሰም። መኳንንቱ አልጠበቁትም፤ በአራተኛው ቀን አባቱ ዌስትሚንስተር ሲቀበር ለልጁ ታማኝነታቸውን ማሉ፣ ዘመኑም ከዚያ ቀን ተቆጠረ። ዘውድ የጫነው ግን በኦገስት 1274 ነው።

ነገሥታትን ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ እያሉ የመቁጠሩም ነገር የመጣው ከዚሁ ከኤድዋርድ ዘር ነው። እሱ፣ ልጁና የልጅ ልጁ እስከ 1377 ድረስ ተከታትለው ነገሡ፤ ሦስቱም ኤድዋርድ ናቸው። ሰነድ ደግሞ ቀኑ የሚጻፈው «በንጉሥ ኤድዋርድ በ10ኛው ዓመት» እየተባለ ነው። የመሬት ክርክር የያዘ ዳኛ የትኛው ኤድዋርድ እንደሆነ በምን ይወቅ? ጸሐፊዎቹ ለሁለተኛው «የንጉሥ ኤድዋርድ ልጅ ንጉሥ ኤድዋርድ»፣ ለሦስተኛው «ከወረራው ወዲህ ሦስተኛው» ብለው ጻፉ። ወረራው ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን የያዙበት ነው። ከዚያ በፊት የነገሡት ሦስት ኤድዋርዶች፣ ቅዱስ የተባለው ሳይቀር፣ ከቆጠራው ወጡ። ቀዳማዊ የምንለው ኤድዋርድ በእውነቱ አራተኛ ነው።

እንደ ልማዱ ሞክሼ እስኪመጣ ቁጥር አይሰጥም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና ከዘውዳቸው ጀምሮ ቀዳማዊ ተብለዋል፤ በእንግሊዝ ግን ጆን፣ አን፣ ቪክቶሪያ ዛሬም ያለ ቁጥር ናቸው። ስሙንም ቢሆን የሚመርጠው ወራሹ ነው፤ በ1936 አልበርት የሚባለው ልዑል «ጆርጅ» ተብሎ ነገሠ።

ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሣው እንግሊዝንም ስኮትላንድንም በአንድነት በገዙት በዳግማዊት ኤልሳቤጥ ነው። የፊተኛዋ ኤልሳቤጥ የገዛችው እንግሊዝን እንጂ ስኮትላንድን አይደለም፤ ስኮቶች «ለእኛ አንደኛ እንጂ ሁለተኛ አይደሉም» አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1953 ኤደንብራ ውስጥ ቁጥሩ ያለበት የፖስታ ሳጥን በፈንጂ ተሰባበረ። ከዚያ በኋላ በስኮትላንድ ሳጥኖች ላይ የስኮትላንድ ዘውድ ብቻ ይደረግ ጀመር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልም ከሁለቱ አገሮች ቆጠራ ከፍ ያለው ይወሰድ አሉ። በዚህ ስሌት ነገ ጄምስ የሚባል ቢነግሥ ስምንተኛ ነው፤ እንግሊዝ አንድም አሌክሳንደር ባታውቅም፣ ስኮትላንድ ሦስት ስለነበሯት ቀጣዩ አራተኛ ይባላል።