ሰመርፋሎው ምንድን ነው? ጦሙን ያደረ መሬትና የጾመ መሬት

በካናዳ ፕሬሪ (ለጥ ያለው የምዕራቡ የእህል አገር)፣ በተለይ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር፣ በካቶሊክ ገበሬ ቤት ያደጉ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲተርኩ አንዲት ቃል ደጋግማ ትመጣለች፤ ሰመርፋሎው፤ አንድ የምርት ዘመን ሳይዘራበት፣ ከአረም እየተጠበቀ የሚቆይ ማሳ። አባት ሰመርፋሎው ላይ ዋለ፣ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ ሰመርፋሎው ሠሩ። ቃሏ ወደ አማርኛ ስትመጣ ግን «ጦሙን ያደረ መሬት» ትሆንና አንባቢው ግራ ይጋባል። ጦሙን ያደረ መሬት ላይ ምን ሲሠራ ይዋላል? ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ሌላ ትርጉም አከለበት፤ እነዚህ ቤተሰቦች መሬታቸውን ያሳረፉት ሃይማኖተኞች ስለሆኑ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የሰባተኛውን ዓመት ዕረፍት ለመፈጸም ነው አለ። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው የባሰ ነው።

ከአማርኛው ልጀምር። «ጦሙን አደረ» የምንለው የሚበላው ያጣን ሰው ነው። ወስኖ ጦሙን የሚያድር የለም። መሬትም ጦሙን አደረ ሲባል ባለቤቱ በሬ አጥቶ፣ ዘር ቸግሮት ወይም ከቀዬው ርቆ ሳይነካው ቀረ ማለት ነው። የጾመ ሰው ግን ሌላ ነው። ከምን እንደሚከለከል ያውቃል፤ እስከ መቼ እንደሚቆይም ያውቃል፤ ሥራውን አይፈታም፤ እንዳይገድፍም ራሱን ይጠብቃል። ሰመርፋሎው የጾመ መሬት ነው። አንድ የምርት ዘመን ዘር ይከለከላል፤ የሚከለከለውም ውሃ እንዲጠራቀምበት ነው። ጾሙን የሚያስገድፈው አረም ነው። ቁመቱ ስንዝር የደረሰ አረም መሬቱ ያጠራቀመውን ውሃ ይጠጣዋል፤ ዘሩን ከጣለ ደግሞ ለቀጣዮቹ ዓመታት ዕዳ ይተዋል።

የተንታኙ ዘሌዋውያን እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። በዚያ ሕግ ሳይዘራ ራሱ የበቀለው ለሰውም ለከብትም ምግብ ይሆናል። በሰመርፋሎው ራሱ የበቀለው ሁሉ ይነቀላል። የኦሪቱ በየሰባት ዓመቱ ነው፤ የፕሬሪው በደረቁ ቡናማ አፈር በየሁለተኛው ዓመት፣ እርጥበት በሚሻለው ጥቁር አፈር በየሦስተኛው ወይም በየአራተኛው ዓመት ነበር። (የአፈሩ ዓይነት ሳይጠቀስ «ገበሬዎቹ ግማሹን መሬት ያሳርፉ ነበር» ብሎ መጻፍም ልክ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 የቤኔዲክቶስ መነኮሳትና ጀርመንኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች ሁምቦልትና ሙንስተር አካባቢ የመሠረቱት የቅዱስ ጴጥሮስ ሰፈራ ጥቁር አፈር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በስተምዕራብ የተጀመረው የቅዱስ ዮሴፍ ሰፈራ ከዚያ ይደርቃል።) ደግሞስ ሉተራኑ ጎረቤትና ቤተ ክርስቲያን የማይስመው ጎረቤት በዚያው ዓመት ያንኑ አላደረጉም? ልማዱን ያስፋፋው አንገስ ማካይ የሚባል፣ ኢንዲያን ሄድ በምትባል የሳስካችዋን ከተማ የነበረ ገበሬ ነው። በ1885 በካናዳ መንግሥት ላይ በተነሳው የሰሜን ምዕራቡ አመፅ ጊዜ የአካባቢው ፈረሶች ለሠራዊት ጓዝ ተወስደው ብዙ ማሳ ሳይዘራ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ድርቅ ሲመታ ጥሩ ስንዴ የሰጠው ታርሶ ሳይዘራ የከረመው ነበር። ማካይ በኋላ የኢንዲያን ሄድ የመንግሥት ሙከራ እርሻ ኃላፊ ሆኖ ይህንኑ አስተማረ። መነሻው ድርቅ ነው፤ ኦሪት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን በእርሻው ውስጥ ቦታ አልነበራትም ማለቴ አይደለም። የነበራት ግን ሌላ ቦታ ነው። ከዕርገት በፊት ባሉት ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ የምህላ ቀናት ነበሩ፤ የቅዱሳን ስም እየተጠራ በማሳ ዳር ይዞራል፤ ጊዜውም ከዘር ወቅት ጋር ይገጥማል። እሑድ ደግሞ የጉልበት ሥራ ክልክል ነበር። በ1917ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የቁምስናው ካህን በቂ ምክንያት ሲኖር ለአንድ ቤተሰብ ፈቃድ መስጠት ይችል ነበር፤ ዝናብ ሊያበላሸው የደረሰ አዝመራ በቂ ምክንያት ነው። ሰመርፋሎው ግን እስከ ሰኞ ይቆያል። ስለዚህ በእሑድ ትዝታ ውስጥ ሰመርፋሎው ካልተጠቀሰ ሥራው ስላልነበረ ሳይሆን እሑድ ስለማይሠራ ነው።

ሥራው ምን ነበር? ዑደቱ 21 ወር ገደማ ነው፤ ካንዱ መኸር ተነስቶ ያለ ዘር አንድ የምርት ዘመን አልፎ እስከ ሦስተኛው ዓመት ሜይ። በመጀመሪያው ክረምት (በካናዳ የበረዶው ወቅት ነው) ገለባው ቆሞ ይከርማል፤ በረዶ ይይዛል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከሚጠራቀመው ውሃ ትልቁ ድርሻ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሞቃቱ ወቅት የሚጨምረው ጥቂት ነው። በጠቅላላው በ21 ወሩ ከወረደው ዝናብና በረዶ አፈር ውስጥ የሚተርፈው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። ዓመታዊው ዝናብ 350 ሚሊ ሜትር በሆነበት አገር ግን ያቺ አንድ እጅ ስንዴው ሰብል ወይም ገለባ የሚሆንባት ናት።

የሌሎቹ ማሳዎች ዘር ተዘርቶ ካለቀ በኋላ፣ ጁን ላይ፣ የመጀመሪያው እርሻ ይገባል። እኛ ገመሳ የምንለውን ይመስላል፤ ልዩነቱ ከገመሳ በኋላ በዚያው ዓመት ዘር አለመኖሩ ነው። ከዚያ አረም ባቆጠቆጠ ቁጥር ይደገማል፤ በሞቃቱ ወቅት አራት ጊዜ የተለመደ ነበር። ጥልቀቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ኋላ ላይ ደግሞ ያነሰ። ጠልቆ ያረሰ እርጥቡን አፈር ወደ ፀሐይ ያወጣዋል። ለኋለኛው ዙር የሚያገለግለው ሮድ ዊደር ነው፤ ባለ አራት ጎን የብረት ዘንግ ከአፈር ሥር ተጋድሞ ከመኪናው ጎማ በተቃራኒ ይሽከረከራል፤ ሥሩን ነቅሎ ወደ ላይ ያወጣል፤ ገለባውን አይቀብርም። ሰማዩ ጠራ ሲል፣ በሞቃት ቀን መሠራት አለበት። በማግስቱ ከዘነበ የተነቀለው አረም እንደገና ሥር ይሰዳል፤ ነዳጁም ድካሙም ከንቱ ይቀራል።

ድካሙን በቁጥር እንየው። አንድ ቤተሰብ በመጀመሪያ ይሰጠው የነበረው ኳርተር የሚባል ማሳ፣ 160 ኤከር ወይም 65 ሄክታር፣ በየጎኑ 800 ሜትር ነው። 3.6 ሜትር ስፋት ባለው ማረሻ አንድ ዙር ለመጨረስ ትራክተሩ 178 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በሰዓት 6.5 ኪሎ ሜትር ከሄደ 27 ሰዓት ይፈጃል። በአራት ዙር ከ100 ሰዓት ይበልጣል፤ ለአንድ ኳርተር ብቻ። ሥራው ለልጆች ይሰጥ የነበረበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ማሳው ላይ የሚበላሽ ሰብል የለም። ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየዞሩ ማረስ ነው። ስሕተቱ ማዕዘኖቹ ላይ ነው፤ ሲታጠፉ ሳይነካ የሚቀር ቁራጭ አለ። በመጨረሻ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ካልተመለሱበት በሳምንቱ በጥቁሩ ማሳ ላይ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ አባትም ከመንገድ ሆኖ ያየዋል። ይህን የምጽፈው ልማዱ እንዲቀጥል አይደለም። ሲገለበጥ የሚያድን መከላከያ ክፈፍ በሌለው ትራክተር ላይ ልጅን ማስቀመጥ ገዳይ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም በዚህ ልጅ አጥቷል።

የጾሙን ምሳሌ አንድ እርምጃ ልውሰደው። ከመጠን በላይ የጾመ ሰውነት የራሱን ስብ፣ ከዚያም የራሱን ሥጋ ይበላል። የጾመ መሬትም እንዲሁ ነው። ተክል የሌለበት፣ እርጥብና ሞቃት አፈር ውስጥ ደቂቅ ሕዋሳት ብስባሹን እየበሉ ናይትሬት፣ ማለትም ተክል የሚመገበውን ናይትሮጅን፣ ይለቃሉ። ገበሬው «መሬቱ ዐርፎ በረታ» ይላል፤ ቀጣዩ ስንዴ በእርግጥ ይለመልማል። ያ ልምላሜ ግን መሬቱ ከራሱ አካል ያወጣው ነው፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ብዙ የፕሬሪ ማሳ ከብስባሹ ከሲሶ እስከ ግማሽ አጥቷል። ተርፎ ወደ ታች የሰረገው ውሃም ጨው አሟሙቶ ዝቅ ባለው ማሳ ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከሁሉ የከፋው አፈሩን እንደ ዱቄት ማድቀቅ ውሃ ያቆያል የሚለው ትምህርት ነበር፤ በ1930ዎቹ ድርቅ ነፋስ ያነሳው ያንን ዱቄት ነው። ቻርለስ ኖብል በአልበርታ ገለባውን አቁሞ ከሥር የሚቆርጥ ሰፊ ስለት የሠራው ለዚህ ነው።

ዛሬ ማሳው አይጾምም ማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ 11 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሰመርፋሎው ነበር፤ በ2016 አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ሳያርሱ መዝራትና የአረም መድኃኒት ተኩት፤ ቦታውን ከያዙት ሰብሎችም አንዱ ምስር ነው። በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሌርድ የተባለው ዝርያ በ1978 ከተለቀቀ ወዲህ ሳስካችዋን የዓለም ዋና ምስር ላኪ ሆናለች።

ስለዚህ ተርጓሚ በ1940ዎቹ ወይም በ1950ዎቹ የልጅነት ትዝታ ውስጥ ሰመርፋሎው ሲያጋጥመው «ታርሶ ሳይዘራ የከረመ መሬት» ይበለው። ትዝታው የ1990ዎቹ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይጠይቅ፤ ያኔ መሬቱ ሳይታረስ በመድኃኒት ብቻ ከአረም ተጠብቆ የከረመ ሊሆን ይችላል፤ «ታርሶ» የሚለው ቃልም ያሳስተዋል።