ተፈጥሯዊ እርሻ፦ ሳያርሱ ማምረት

ተፈጥሯዊ እርሻ ማለት ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይገዙ፣ ብዙ ጊዜም መሬቱን ሳያርሱ፣ እዛው ማሳ ላይ ያለው አፈር፣ ነፍሳት፣ አረምና ዝናብ ሥራውን እንዲሠሩ አድርጎ ማምረት ነው። ሰው ከኦርጋኒክ ጋር ይቀላቅለዋል ግን ይለያያሉ፤ ኦርጋኒክ ገበሬ ሊያርስ ይችላል፣ ኮምፖስት በመኪና አስጭኖ ሊያመጣ ይችላል፣ የተፈቀዱለት ፀረ ተባዮችም አሉ። ተፈጥሯዊው ግን ከውጪ የሚገባውን ነገር በሙሉ በተቻለ መጠን ወደ ዜሮ ማውረድ ነው የሚፈልገው።

ኬሚካል ከመምጣቱ በፊት ገበሬው ሌላ ምርጫም ስላልነበረው ድርጊቱ ጥንታዊ ነው። ስም ወጥቶለት እንደ ትምህርት መሰጠት የጀመረው ግን ጃፓን ውስጥ በ1930ዎቹ ነው (ዓመታቱም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ሞኪቺ ኦካዳ የሚባል የሃይማኖት መሪ ያለማዳበሪያ ማምረትን ያስተምር ነበር። ዋናው ሰው ግን ማሳኖቡ ፉኩኦካ ነው።

ፉኩኦካ በ1913 ሺኮኩ ደሴት ላይ ኤሂሜ ውስጥ ተወለደ። የተማረው የዕፅዋት በሽታ ነው፣ ዮኮሃማ ጉምሩክ ውስጥ የሚገቡና የሚወጡ ተክሎችን ይመረምር ነበር። በ20ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ሳንባ ምች ጥሎት ሆስፒታል ገባ፣ ከዳነም በኋላ ሐሳቡ አልረጋ ብሎት አንድ ሌሊት ሲንከራተት አድሮ ሊነጋ ሲል የሰው ልጅ እውቀት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ነገር ተገለጠልኝ አለና ሥራውን ለቀቀ። አገሩ ገብቶ የአባቱን የመንደሪን እርሻ ተረከበና ተፈጥሮ ራሷ ታውቃለች ብሎ መግረዙን ተወው። ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ተጠላለፉ፣ ተባይ ወረራቸው፣ ዛፎቹ ደረቁ። አብዛኛው አድናቂ ይሄን ታሪክ ዘሎት ያልፋል፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ለዓመታት ሲገረዝ የኖረ ዛፍ የራሱን ቅርጽ ስላጣ ድንገት ቢተውት ወደ ተፈጥሮው አይመለስም፣ ይሞታል እንጂ። መተው ሌላ፣ ተፈጥሯዊ እርሻ ሌላ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እዛው ሺኮኩ ላይ ኮቺ ውስጥ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሠራ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ መሬቱ ላይ ተመለሰና ቀሪ ዕድሜውን እዛው ጨረሰ። አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሌላው ምን ልጨምር ሲል እሱ ምን ልቀንስ ይላል። የቀነሳቸው አራት ናቸው፦ ማረስ፣ ማዳበሪያ፣ ማረም፣ ኬሚካል።

ሩዙን እንዴት ያመርት እንደነበር በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ጥበቡ ያለው የጊዜ አመራረጡ ላይ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ ሩዙ ገና ሳይታጨድ ነጭ ክሎቨር (የጥራጥሬ ወገን የሆነ አጭር የመኖ ተክል) እና ገብስ እዛው በቆመው ሩዝ መሐል ይበትናል። ሩዙ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ገለባው ሳይቆራረጥ ተመልሶ ማሳው ላይ ይበተናል፣ ከዛ በጭቃ የተለበጠ የመጪው ዓመት ሩዝ ይዘራል፣ ገብሱ ሲታጨድ ደግሞ የሱ ገለባ ተራውን ይጎዘጎዛል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ውኃ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ያቁርበትና ክሎቨሩንና አረሙን ያዳክማል (አይገድለውም፣ ያዳክመዋል)፣ ሩዙ በዛ ክፍተት ቀድሞ ይወጣል። ክሎቨሩ ሥሩ ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይስባል፣ ገለባው ይበሰብሳል፣ በቃ።

የጭቃው ነገር ደግሞ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሸክላ አፈር ደርቆ ይደቆስና ይነፋል፣ ዘሩ እርጥብ ሲደረግ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፣ እያንከባለሉ ውኃ ጠብ ጠብ ሲያደርጉበት ትንንሽ ኳስ ይሆናል፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ወፍና አይጥ አይለቅሙትም፣ ዝናብ እስኪያገኘው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ምርቱ ራሱ እንደጻፈው በሄክታር ወደ 6 ቶን ሩዝ ሲሆን በብርዱ ወራትም ከዛው መሬት ገብስ ያነሳል፣ ይሄም በኬሚካል ከሚያመርቱት ጥሩ ጥሩ ገበሬዎች አያንስም። ዘዴው ግን ፍጹም ንጹሕ አልነበረም፤ ገለባው ቶሎ እንዲበሰብስ ትንሽ የዶሮ ኩስ ይበትን ነበር፣ መንደሪኑ ላይም ለሚጣበቁት ተባዮች አንዳንዴ የማሽን ዘይት በውኃ አቅጥኖ ይረጭ ነበር። እሱ ራሱ ነው የተናገረው፣ ስለዚህ አልደበቀም። በ1975 ያሳተመው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ፣ በ1988 የእስያ ኖቤል የሚባለውን የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሸለመ፣ በ2008 በ95 ዓመቱ ሞተ።

ኮሪያ ውስጥ ቾ ሃን ኪዩ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ፣ የሱ ደግሞ የአካባቢውን ረቂቅ ተሕዋስያን ማርባት ነው። የተቀቀለ ሩዝ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተደርጎ በወረቀት ይሸፈንና ጫካ ውስጥ ቅጠል ስር ይቀመጣል፣ ነጭ ሻጋታ ሲያለብሰው ከስኳር ጋር ተለውሶ ይቆያል፣ በኋላ በውኃ ተበጥብጦ ከእህል ገለፈት ጋር ይቦካና አፈሩ ላይ ይበተናል።

ሕንድ ላይ ስሙ የገነነው ሱባሽ ፓሌካር ነው። አፈር ላይ የሚፈሰው ጂቫምሪታ የሚባለው ውህዱ ይሄ ነው፦ 200 ሊትር ውኃ፣ 10 ኪሎ የላም እበት፣ ከ5 እስከ 10 ሊትር የላም ሽንት፣ ወደ 2 ኪሎ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ያንኑ ያህል የጥራጥሬ ዱቄት፣ ከማሳው ዳር አንድ እፍኝ አፈር። ጥላ ስር ሆኖ በእንጨት እየተማሰለ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። የአንድራ ፕራዴሽ ክልል መንግሥት ይሄንኑ መስመር ተከትሎ ትልቅ ፕሮግራም ጀምሯል። ሳይንቲስቶች ግን 200 ሊትር ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ለአንድ ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) ሰብል ከቁጥር አይገባም ይላሉ፣ ደጋፊዎቹ ደግሞ እሱ ማዳበሪያ ሳይሆን እርሾ ነው ብለው ይመልሳሉ። የአገሬው ዝርያ ላም እበት ከፈረንጅ ላም ይበልጣል የሚለው የፓሌካር አባባል ላይ ብዙ ባልሄድ ይሻላል።

ስሪላንካ በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ከልክላ በዛው ዓመት ክልከላውን አነሳች፣ የሩዝ ምርቷም ወደቀ፣ ይሄ ሁሌ ተፈጥሯዊ እርሻን ለመተቸት ይጠቀሳል። እውነቱን ለመናገር እዛ የተደረገው ከላይ የመንደሪኑ ዛፍ ላይ የደረሰው ነው። ማዳበሪያ የለመደ አፈር ውስጥ ትሉም ፈንገሱም ተመናምኗል፣ ክሎቨር አልተዘራበት፣ ጉዝጓዝ የለው፤ ከሥር ጋር ተያይዘው ፎስፈረስ የሚያቀብሉት የፈንገስ ክሮች ማረሻ በገባ ቁጥር ይበጣጠሳሉ፣ እንደገና እስኪዘረጉ ጊዜ ይፈልጋሉ። የሚቀይሩ ገበሬዎች ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከትንሽ ቁራጭ መሬት ነው የሚጀምሩት፣ የቀረውን እንደ ድሮው እያረሱ።