ለመንገድ የሚላክ የሹፌሮች የድምፅ መልእክት ምንድን ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር እየነዳችሁ አስፋልቱ ላይ ቅጠል ተጥሎ ብታዩ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ። ወደፊት የተበላሸ መኪና እንዳለ ይገባችኋላ። ቅጠሉ ስልክ ቁጥራችሁን አያውቅም፤ እዚያ የደረሰ ሁሉ ያየዋል።

ቦታን መሠረት ያደረገ የድምፅ መልእክትም ሥራው ይኸው ነው። የሚላከው ለሰው ሳይሆን ለመንገዱ ነው። ሹፌሩ «ሐሙሲት መውጫ ላይ ከብት ሞልቷል፣ ቀስ በሉ» ይላል። ስልኩ በጂፒኤስ ያገኘውን ቦታ፣ አቅጣጫውንና ሰዓቱን ከድምፁ ጋር አያይዞ ወደ ሰርቨር፣ ማለትም መልእክቱን ተቀብሎ ወደሚያከፋፍል ኮምፒውተር ይልካል። ሰርቨሩም ወደዚያ እየቀረቡ ላሉት ብቻ ያሰማቸዋል። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ብልጭ ሲያደርግላችሁ ትራፊክ ይሁን አደጋ አይታወቅም። ድምፅ ግን ለይቶ ይናገራል።

ከባዱ ነገር ማን ቅርብ እንደሆነ ማወቁ ነው። ካርታ ላይ ክብ አስምሮ ውስጡ ላለ ሁሉ መላክ ለጣና ዳርቻ ጨርሶ አይሆንም። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ ቅርብ ነው፤ መኪና ግን የሐይቁን ዳር ይዞ መዞር አለበት። ከሐይቁ በሰሜን ያለችው ጎርጎራማ ባሰች፤ ከጎንደር ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከአዘዞ የሚገነጠል ነው። ስለዚህ ርቀቱ በአየር ሳይሆን በመንገዱ መለካት አለበት። አቅጣጫም አይረሳ፦ ከብቶቹን አልፎ የሄደ ሹፌር ወሬው ምን ይሠራለታል? ዕድሜም ያስፈልገዋል። የከብት መልእክት አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፣ የተገለበጠ ሲኖትራክ ግን ግማሽ ቀን ሊያውል ይችላል።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። የአሜሪካ የጭነት መኪና ሹፌሮች በ27 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ሲያወሩ ኖረዋል፤ እዚያ ቅርብ ያለ ሁሉ ይሰማል። ጉግል በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ዌዝ የተባለ የስልክ መተግበሪያ ሹፌሮች አደጋና መጨናነቅ የሚጠቋቆሙበት ነው። ዜሎ ደግሞ ቁልፍ ተጭኖ ማውሪያ መተግበሪያ ነው፤ የሚያገናኘው ግን የተመረጠ ቻናል እንጂ ቦታ አይደለም።

አሥር ሰከንድ ድምፅ ሲጨመቅ 20 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን ነው። ደካማ ኔትወርክም ይሸከመዋል። ችግሩ ኔትወርክ ጭራሽ ሲጠፋ ነው። ያኔ ስልኩ መልእክቱን ይዞ ቆይቶ፣ መስመር ሲያገኝ ይልከዋል። ሰዓቱ አብሮ ባይመዘገብ ኖሮ የጠዋቱ ከብት ማታ መንገድ ዘግቶ በታየ ነበር።

ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት በሕግ ክልክል ነው። ሚኒባስ ከሆነ ረዳቱ ይቀዳል። ብቻውን የሚነዳ ግን በድምፅ የሚታዘዝ ስልክ ከሌለው ዳር ይዞ መቆም አለበት።