ፓርክ ሌላ፣ የአደን ቀበሌ ሌላ

ደሴ ውስጥ ስለ ሳፋሪ ከተነሳ ይህ ጥያቄ አይቀርም፦ «የአደን ፈቃድ ካለኝ ፓርክ ገብቼ ማደን እችላለሁ?» አትችልም። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። የመግቢያ ክፍያው ለማየት ብቻ ነው።

እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለውን የቦረና ሳይንት ፓርክ እንውሰድ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለው። ካሜራ ይዘህ ግባ፤ ጠመንጃ ግን በፍጹም። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከፓርኩ ውጭ ብታገኘውም አይነካም። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ከጠፋ ጠፋ ነው።

ሕጋዊ አደን የሚካሄደው «ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀበሌ» በሚባለው ቦታ ነው። ባሌና አርሲ አካባቢ አሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፈቃዱ ያገኘኸውን ሁሉ ተኩስ አይልም። ለየትኛው እንስሳና የት እንደሆነ ተለይቶ ይሰጣል፤ ቁጥሩም በኮታ የተገደበ ነው። የደጋ አጋዘን ፈቃድ የያዘ ሰው ቀንዱ የደረሰ ወንድ ፈልጎ ነው የሚተኩሰው። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ እሷን መምታት ጥፋት ነው። ለዚህ ነው ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይሄድ የምለው።

ዓሣ ለብቻው ነው። ሐይቅ ሄደህ ለቆሮሶ መንጠቆ ልጣል ካልክ የአደን ፈቃድ አያገለግልህም፤ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድመህ ጠይቅ።